እማማ የሠራችው ሹራብ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? ደሴታችን ቺሎዬ እንዴት ከረመች? የእማማ ጉልበት ተሻላት? ልጅሽስ ሮሳውራ ጥርስ አወጣች? እኛ ጋ ነፋሱ ዛሬም የፑንታ አሬናስ ከተማን ጣሪያ ሊነቅል ይታገላል። ስለ እኔ አትጨነቁ፣ አለሁ።

የእማማ ዓይን ስለደከመ እስከዚህ ድረስ አንብቢላት። የቀረውን ግን ጓዳ ገብተሽ ብቻሽን አንብቢውና ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

ልጄን ሊሳንድሮዬን ከቀበርን ወዲህ ባለቤቴ ኤላዲዮ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ የልጁን የመኪና ወንበር ይራገማል። ያን ወንበር የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልጁን አስመዝኜ፣ ቁመቱን ለክቼ፣ ሻጩን በጥያቄ አሰልችቼ ነው የገዛሁት። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሬ ሳስቀምጠው አማቴ፣ ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የምትቀጪው ብላ ስቃብኛለች። እኔ ግን ወይ ፍንክች። ቀበቶውን ሁልጊዜ በጣቴ ቆንጥጬ እሞክረው ነበር፤ ከተቆነጠጠ ልል ነው ማለት ነው። የዚያን ቀንም አልተቆነጠጠም።

ታዲያ መኪናው በበረዶ ተንሸራቶ ሲገለበጥ ልጄ እንዴት ከቀበቶው ሾልኮ ወጣ? እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነበር። ወንበሩ ሲመለስልኝ፣ ያን ቀን ለብሶት የነበረውን፣ እማማ የላከችለትን ወፍራም ሹራብ ለትራስ አለበስኩና አስቀመጥኩት። የአገራችንን ሱፍ ታውቂው የለ፣ ፍራሽ በይው። ቀበቶውን አጠበቅሁ፤ አልተቆነጠጠም። ከዚያ ትራሱን አውጥቼ ሹራቡን አወለቅሁና የቀበቶውን ልክ ሳልነካ መልሼ አሰርኩት። እታለም፣ በቀበቶው ሥር ክንዴ እስከ ክርኔ ገባ። ለካ ሳጠብቅ የኖርኩት ሱፉን ነው እንጂ ልጄን አይደለም። መኪናው ሲገለበጥ ሱፉ ተጨፈለቀ፣ ቀበቶው ላላ።

አሁን ደግሞ እማማ ለሮሳውራም እንደዚያው ያለ ሹራብ ጀምራለች ብለሽ ጻፍሽልኝ። አትከልክያት፤ በእግሯ ያቆማት እሱ ሥራ ነው። ስትጨርስም እጅሽ ይባረክ በያት። መኪና ስትሳፈሩ ግን አውልቂላት፣ በስስ ልብስ እሰሪያት፣ ሹራቡን ከታሰረች በኋላ ከላይ ጣል አድርጊላት። እማማ ልጅቷን በብርድ ልትገይ ነው ብላ ብትቆጣሽ ተቆጪላት እንጂ ምክንያቱን እንዳትነግሪያት። ለኤላዲዮም አልነገርኩትም። እሱ ካወቀ እሷ ጆሮ መድረሱ አይቀርም፤ ይራገም ግድ የለም።

ሰው ሁሉ ጊዜ ይሽረዋል ይለኛል። ምኑን ነው የሚሽረው? እኔ ከእንግዲህ የምጠብቀው ነገር የለም። ድንግል ማርያም ሮሳውራን ታቆይልሽ፣ የእኔን ዕጣ ከደጅሽ ታርቅልሽ።

እማማ ያን ቀን ልጁ በርዶት ነበር ወይ ብላ ስትጠይቅ እንደምታድር ነግረሽኛል። አልበረደውም በያት። ከበረዶው ላይ አንሥቼ ሳቅፈው ሹራቡ ውስጥ ገና ይሞቅ ነበር።

ታናሽ እህትሽ