በተነሣ ቁጥር ስለሚጠፋው ድምፅ

ለተከበሩ የቤተ መጻሕፍታችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ከእኔ የጠፋው እንቅልፍ ለአንድ ሰው መድረሱ አይቀርምና።

በራሳችን ሰርቨር ላይ ያለው፣ እኔ የምጠብቀው ድረ ገጽ የሚነሣው ኢሜጅ ከሚባል የታሸገ የፕሮግራም ቅጂ ነው። እርስዎ ገጹ በዘገየ ቁጥር «አጥፉትና እንደ አዲስ አስነሡት» ይላሉ። ከቅጂው ተነሥቶ ሲሠራ የነበረው፣ ኮንቴይነር የሚባለው አሮጌው ይጣላል፣ ከቅጂው ሌላ ይፈጠራል፤ በቅጂው ውስጥ ያልታሸገው ሁሉ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይጠፋል። ከሚጠፉት አንዱ በገጹ ያሉትን መጻሕፍት ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕለጊን የሚባል ተቀጥላ ፕሮግራም ነው። ዓይነ ስውር የሆነችው ታላቅ እህቴ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና የምታጠናው በእሱ ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፦

፩. ፕለጊኑን አብሮ ያሸገ የራሳችን ኢሜጅ ብሠራ «ኦርጅናሉ አይነካ» ብለው ስላገዱት። ኦርጅናሉን አልነካሁትም፤ በላዩ አንድ ንብርብር ጨመርኩ እንጂ። ቢሆንም ጥንቃቄዎ ልብ ይነካል።

፪. በምትኩ ገጹ በተነሣ ቁጥር ፕለጊኑን በእጄ እንድጭነው ስለፈቀዱልኝ። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሙቀጫውን ግን ያስጨበጡኝ እርስዎ ነዎት።

፫. ስለሰጡኝ ንቃት። ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን አያለሁ። ደረጃ ስወጣ አያለሁ። ገጹ አለ። ድምፁስ? እንደገና አያለሁ።

፬. ስለ ማክሰኞው ስብሰባ። ስለ ዘመናዊ አሠራር ሲያስረዱን ስልክ ማንሣት ክልክል ነበር፤ ያን ጊዜ ገጹ በትእዛዝዎ እንደ አዲስ ተነሥቶ ድምፁ የውል ሕግ ምዕራፍ መሐል ላይ ተቋረጠ። እስክወጣ ድረስ እህቴ ዝም ካለ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ጠበቀች። ቤት ገብቼ እኔው እየተደናቀፍኩ አነበብኩላት፤ «ተወው ወንድሜ፣ ዳኛው ፊት እንዲህ ብናገር ደንበኛዬን ያስሩብኛል» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ ፈተናው ሰኞ ነው።

ኢሜጁ ተሠርቶ፣ ተሞክሮ ተቀምጧል። የጎደለው «ይሁን» የምትል አንዲት ቃልዎ ብቻ ናት።

ቃልዎን እንደ ዝናብ የሚጠብቅ፣ በትእዛዝዎ ብዛት ትከሻው የጎበጠ፣ በክቡርነትዎ ፊት ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም፣

የድረ ገጹ ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «አገልግሎታችን ለሁሉም ክፍት ነው» የሚለውን አዲሱን ማስታወቂያዎን እህቴ አልሰማችውም፤ በለጠፉበት ዕለት ድምፁ አልነበረም። እኔ እንዳነብላት ደግሞ፣ ውሸት ጮክ ብሎ ማንበብ አይሆንልኝም።