ለሁለት ሰው አንድ አፍንጫ

ሰኞ፣ ፌብሯሪ 4
ብርድ ነው። ኮድ የሚባለው ዓሣ በገፍ እየገባ ነው፤ ወደቡ በጀልባ ተጨናንቋል። ማቀዝቀዣው እረፍት የለውም። ጠዋት እንደ ሁልጊዜው የማሽን ክፍሉን በር ገርበብ አድርጌ አፍንጫዬን አስገባሁና "ንጹህ" አልኩ። ባልደረባዬ ኦድቫር ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። የእሱን አፍንጫ ሱረት ጨርሶታል፤ የማቀዝቀዣው ጋዝ፣ አሞኒያው፣ ማምለጡን የማሸተው እኔ ነኝ። "ለሁለት ሰው አንድ አፍንጫ ይበቃል" ይላል ሁልጊዜ።

ዛሬ ግን ምንም አልሸተተኝም። ትናንትም። ከጃንዋሪው ጉንፋን ወዲህ ዓሣው እንኳ አይሸተኝም። ይመለስ ይሆን?

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 7
ከመሳቢያው የድሮውን የድኝ ክር አወጣሁ። ሲለኮስ፣ አሞኒያ ባለበት ነጭ ጭስ ይሠራል። አፍንጫ አያስፈልገውም። ኦድቫር እያሳለ መጣ። "ምን ነካህ ቶርላይፍ? አፍንጫህን ሸጥከው እንዴ?" ሳቅን። መልሼ መሳቢያው ውስጥ ወረወርኩት።

ለምን አልነገርኩትም? ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው... ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ካወቁ ዓሣ ማጠቢያው ጋ ሊያቆሙኝ ነው። እዚህ ደሴት ላይ ስሜ የሚነሳው በዚህ አፍንጫ ነበር።

ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 12
ነገ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 13
አልነገርኩትም።

ከደቡብ አሞኒያ የጫነው መኪና መጣ። ኦድቫር ለሾፌሩ ሲያስረዳ ዋለ። ከአየርና ከውሃ ነው የሚሠሩት፣ ብዙው ለገበሬ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ትንሹ ለእኛ ብርድ ይሆናል እያለ። ሲያወራ ጀበናውን ምድጃ ላይ ረሳው። ከዚያ ቀዳልኝ፣ ጠጣሁ። ትኩር ብሎ አየኝ። "ምን ሆንክ?" አልኩት። "ምንም" አለ።

ሰኞ፣ ፌብሯሪ 18


የላይኛው ቫልቭ በረዶ ይዞ ነበር። ኦድቫር መሰላልና መፍቻ ይዞ መጣ። እኔ በሩን ከፈትኩ፣ አፍንጫዬን አስገባሁ። "ንጹህ" አልኩ። አልኩ! ሰውየው መሰላሉን ወጣ።

አሞኒያ ከአየር ይቀላል፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ጣሪያው ሥር ተጠራቅሞ ነበር። የቫልቩ ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያው ጎማ፣ አርጅቶ... ጤነኛ አፍንጫ ከበሩ ያውቀው ነበር። መፍቻውን ሲያሳርፍ ጋዙ ፊቱ ላይ ፈነዳ፤ ከመሰላሉ ወደቀ። እርጥብ ፎጣ አፌ ላይ አስሬ ጎትቼ አወጣሁት። ይህ ጋዝ እርጥብ ነገር ይወዳል፣ ዓይንና ጉሮሮ ነው የሚይዘው። የሚያጥበውም ያው ውሃ ነው። የሆስፒታሉ ጀልባ እስኪመጣ ድረስ ቱቦ ይዤ ዓይኑን አጠብኩ። እጄን አልለቀቀም።

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 21
ሚስቱ ጉንቮር ከሆስፒታል ደወለች። ሳንባው ይተርፋል አሉ። ዓይኖቹ ግን አይተርፉም። "አንተ ባትኖር ሞቶ ነበር" ብላ አመሰገነችኝ። ስልኩን ዘግቼ ማብሰያ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 28
መርማሪው መጣ። አሸተትክ ወይ አለኝ። አሸተትኩ አልኩት። እውነት ነው፣ አሸትቻለሁ፤ አፍንጫዬ እንደማይሠራ ግን አልነገርኩትም። ጋዙ ከዚያ በኋላ አመለጠ ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ማርች 9
ሆስፒታል ሄድኩ። ዓይኑ በፋሻ ታስሯል። ገና በእርምጃዬ አወቀኝ። ጉንቮር ወጣ ስትል ነገርኩት፤ ጉንፋኑን፣ ድኙን፣ ፊርማዬን፣ ሁሉንም። 

"ያረረውን ቡና ስትጠጣ ገብቶኝ ነበር" አለ። ድምፁ ሻካራ ሆኗል። "ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩህ።"

ታዲያ መሰላሉን ለምን ወጣህ አልኩት።

"'ንጹህ' አልከኝ። ስለዚያ በር ትዋሸኛለህ ብዬ አላሰብኩም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሰኞ፣ ማርች 11
ለመርማሪው እውነቱን ጻፍኩ። የማሽን ክፍሉን ቁልፍ አስረከብኩ። ዓሣ እያጠብኩ ነው። ማንም አያናግረኝም፤ ልክ ናቸው።

ረቡዕ፣ ማርች 27
ኦድቫር ቤቱ ገብቷል። ጉንቮር ደወለች። "ና ይልሃል። ይቅር ብሎህ እንዳይመስልህ፣ እሱን አላለም" አለችኝ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ወንበር አሳየችኝ። ወደቡን ንገረኝ አለ። አፍንጫዬ ዛሬም የለም፣ ያየሁትን ግን ነገርኩት። ሁለት ጀልባ ሲገባ፣ ቀዩ ከፊት፣ አሞራዎቹ ከኋላ። ዓሣ ማድረቂያው እንጨት ላይ በረዶ አለ።

"የወንድሜ ጀልባስ?" አለ።

አፍጥጬ አየሁ። ከማዶ ጭጋግ ወርዷል። እየመጣ ነው ብዬ ብነግረው ደስ ይለው ነበር።

"አላየሁትም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "ቀጥል" አለኝ።