አባባ ሲተኩስ ነው የሚውለው

ለወንድሜ፣

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ሰላም በይልኝ ብላሃለች። ደረጃ መውረድ ገና አልቻለችም። የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ አንድ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ትሰፋለች። ልጇ ሁለተኛዋንም ሴት ወለደች፤ ባልየው «ወንድ ነበር የጠበቅሁት» ብሎ አኩርፎ ሰንብቶ አሁን ከእቅፉ አያወርዳትም። አንተስ እንዴት ነህ? ያ ሳል ለቀቀህ? ባለቤትህስ? ልጆችስ ጠኑልህ? እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስልክ ስደውል አታነሣም። ስለዚህ ያለኝ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

አባባ ከታመመ ወዲህ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎ ተኝቶ እንደነበር ታውቃለህ። ንግግሩም ከአንድ ሁለት ቃል አያልፍም። እጁን የምታሠራው ባለሙያ የምትጨበጥ ለስላሳ ኳስ ሰጥታው ነበር፤ አልጋ ሥር ወረወራት። «ሕፃን» አለ፤ ሕፃን አደረጋችሁኝ ማለቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሕንፃ ቧንቧ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ኳስ ጨብጥ ሲሉት ቢናደድ አልፈርድበትም።

ከዚያ የልብስ ሰፊዋ የወንድ ልጇ ልጆች የስፖንጅ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻቸው ተሰብሮባቸው አመጡለት። በግራ እጁ ፈታታው፣ ውስጡን አየና ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። «ቧንቧ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለካ ነገሩ ሁሉ የቧንቧ ሥራ ኖሯል። በማግስቱ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ላከኝ፤ ቀጭንና ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማገናኛ፣ ጎሚኒ የሚሉት የማሸጊያ ጎማ፣ ደግሞ የበር ስፕሪንግ። ሻጩ «እትዬ፣ ስፕሪንጉ ለየትኛው በር ነው?» ቢለኝ «ለአባቴ እጅ» አልኩት። ያበድኩ ሳልመስለው አልቀርም፤ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

እኔ ቱቦውን በጉልበቴ አጣብቄ ይዤ፣ እሱ በግራው እየቆረጠ ሠራነው። የቀጭን ዱላ ጫፍ ላይ ጎሚኒ አጥልቆ ወፍራሙ ቱቦ ውስጥ ከተተው፣ ስፕሪንጉን ከኋላው አደረገ። ዱላውን ወደ ኋላ ስበህ ምስማር ላይ ታስይዘዋለህ፤ ምስማሩን ስትነቅለው ስፕሪንጉ ይለቀቅና አየሩ ስፖንጁን እፍ ብሎ ያስወጣዋል። ስፖንጁን ከአሮጌው ፍራሼ ነው የቆረጥነው። ጉዳዩ ያለው መሳቡ ላይ ነው፤ በቀኝ እጁ ካልሳበ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ባዶ የሳሙና ካርቶን እደረድርለታለሁ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያወርዳል። መጀመሪያ የላላ ስፕሪንግ፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ እያደረገ አራተኛውን ሠርቶ ነበር። ያ የተኛው እጅ ብርጭቆ አነሣ! ባለሙያዋ እንኳ «ምን አደረጋችሁለት?» ብላ ቱቦውን አገላብጣ አየችው። እኔ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ እሱ ካርቶን ይተኩሳል። «ሁለት ተኳሽ» ይለኛል፣ ጣቱን ወደ እኔም ወደ ራሱም እየቀሰረ።

በዚያ ደስታ ነው ለባለቤትህ በስልክ የቀባጠርኩት። «አባባ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ዘንድሮማ ሥራ ይዟል፤ ሲተኩስ ነው የሚውለው፤ እኔንም አስንቆኛል» አልኳት። መስመሩ ተቆረጠ። ምን እንደሰማች አሁን ገብቶኛል። ልብስ ተኩሳ የምታድር ሴት ቤት ተኮሰ ሲባል ሌላ ምን ይሰማል? በእሷ አልፈርድም፤ በአንተ ግን እፈርዳለሁ። ደውለህ «እህቴ፣ አባባን ካውያ አስይዘሽዋል እንዴ?» ብትለኝ ምን ነበረበት? ስቄ እሞት ነበር፤ አንተም ትስቅ ነበር። አንተ ግን የደወልከው ለአጎታችን ነው። «በሽተኛ አባቴን የሰው ልብስ ታስተኩሰዋለች፤ ሂድና አውጣልኝ» አልከው። ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት፣ ያገላበጥኩት እኔ፤ አሳቢው ግን አንተ ሆነህ ተገኘህ። ለመሆኑ ምን አይተህብኝ ነው?

አጎታችን የመጣው የሰው ልብስ ላደርስ በወጣሁበት ነው። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አይታ ብትጮህ ማን ይስማት፤ ጉልበቷ ደግሞ አያወርዳት። አባባ የበሩን መቃን በቀኝ እጁ ይዞ አልለቅም ብሎ ነበር አለችኝ። በቀኝ እጁ፣ ሰማህ? አጎታችን ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቀ ነው የወሰደው።

ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በር ላይ ቆሞ «እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ ልብስ ታስተኩሰዋለች፣ አውጣልኝ ያለኝ ወንድምሽ ነው፤ መልሰውም እሱ ይበል» አለኝ። ስለ ቱቦውና ስለ ጥይቱ ልነግረው ብጀምር «ጭራሽ ጠመንጃም አስይዘሽዋል!» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ለአጎታችን ደውልና «ተሳስቻለሁ፤ አባቴን መልሰው» በለው። ይቅርታህን ለራስህ አስቀምጠው፤ እኔ አልጠየቅኩህም። እጁ ሥራ ከፈታ ተመልሶ እንደሚተኛ ባለሙያዋ ነግራኛለች።

ባለቤትህን ቂም አልያዝኩባትም በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝ። ትንሹን ደግሞ አያትህ ዐይኑ እንደ ድሮው ነው፣ የፈለገውን ካርቶን መርጦ ይጥላል በልልኝ።

እህትህ
ከአባባ ክፍል፣ ኅዳር 9 ቀን

ፖስታውን ሳላሽገው የአጎታችን ሚስት መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ ብላ ቆማ ነው ያወራችኝ። «ምን አድርገሽው ነው? ሌት ተቀን ‹መተኮሻዬን› ይላል። ባሌ ቢያሳዝነው ካውያ ሰጠው። ሊያነሣት ሞክሮ ጣላትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወንድምሽ እውነቱን ነው፤ ሥራ አስለምደሽዋል» አለችኝ። አራተኛዋን ቱቦ አውጥቼ፣ ስቤ፣ ግድግዳው ላይ ተኩሼ አሳየኋት፤ መተኮሻው ይህች ናት፣ ውሰጂለት ብዬ ለመንኳት። ተቀብላ አገላበጠቻትና «ይኼማ የቧንቧ ቁራጭ ነው። ደግሞ ወንድምሽ ከዚያ ቤት ምንም ነገር እንዳታስገቡ ብሏል» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣት ሄደች።