ከሸራው የተቆረጠው ጨርቅ

ውድ ወንድሜ፣ የኔ ቀዥቃዣ፣

እንዴት ሰነበትክ? አባባ "ደህና ነኝ" ይላሉ፤ ጉልበታቸው ግን አልታዘዝ ብሏቸው ከሸራ መስፊያ ክፍላቸው ብዙም አይወጡም። ጀልባችንን አሁን የምነዳት ብቻዬን ነው።

ያቺን የመጨረሻ ውድድር እንዴት እረሳታለሁ? ነፋሱ ወደሚመጣበት ስንወጣ አንተ መሪውን ይዘህ፣ ሸራውን ወጥረህ፣ ጀልባዋ በጎኗ ተጋድማ ውኃው ጠርዙን አልፎ እግራችንን ሲያጥበን ትስቅ ነበር። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። የበረርን መስሎናላ! አባባ ግን ወደ ላይ በተነሳው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለው ይጮኻሉ።

"አቅናት! ሸራውን አላላና ወደ ጠርዙ ውጣ፣ ከጎኔ ተቀመጥ!"

"እርስዎ ደግሞ ፍጥነት ያስፈራዎታል!" አልካቸው።

ጎረቤታችን አናጢው ቀጥ ባለች ጀልባው፣ አንዲት ጠብታ ሳትነካው አለፈን። ዳር ስንደርስ አባባ ሰው ፊት "ካንተ ጋር ሁለተኛ አልወጣም" አሉ፤ አንተም ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ።

ትንሽ ማዘንበል ደግ ነው፤ አሁን ብቻዬን ስነዳት ገባኝ። ሲበዛ ግን ነፋሱ ከሸራው ላይ ያመልጣል፣ መሪውም ልጓም ይሆንባታል፣ ወደፊት መሄዷን ትታ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። ፍጥነት የመሰለን ጩኸቱና ርጭቱ ነበር። የሚያቀናት ደግሞ ጠርዙ ላይ ወጥቶ የሚቀመጥ ሰው ክብደት ነው። አባባ "ከጎኔ ተቀመጥ" ሲሉህ ፈልገውህ ነበር፤ እኛ ቁጣውን ብቻ ሰማን። እሱ ነው የሚቆጨኝ።

የኔ ክብደት ብቻውን አልበቃትም፤ ነፋስ በበረታ ቁጥር እየተጋደመች አስቸገረችኝ። ስለዚህ አባባ በቀደም ሸራውን አስወርደው ከታችኛው ጠርዙ ሰፋ ያለ ጨርቅ ቆርጠው አነሱለት። ሸራው ሲያንስ እኔም እችላታለሁ ማለት ነው። ያን ሸራ ግን ለሦስታችን ክብደት ለክተው የሰፉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ታውቃቸው የለ፣ ቁራጭ ጨርቅ እሳቸው ቤት አያድርም፤ ወዲያው ወይ ከረጢት ወይ መጣፊያ ይሆናል። ይሄን ግን አጣጥፈው መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ትናንት ለመጣፊያ ላነሳው ስል ከወንበራቸው ሆነው ተቆጡኝ።

"ተይው!"

"ምን ያደርግልዎታል አባባ?"

"ከመጣ መልሼ እሰፋዋለሁ።"

ስምህን አልጠሩም። አንገታቸውን ደፍተው መርፌ ይፈልጉ ጀመር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል። እኔ አስገብቼላቸው፣ መርፌውን እዚያው ጨርቅ ላይ ሰክቼዋለሁ።

እባክህ ና።

ጠርዙን ብቻዋን የያዘችው እህትህ