ላጲስ የበላው ወረቀት

ጥቅምት 4
የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሁለተኛው ሙከራዬ ውጤት መጣ። ከመቶ ሰማንያ ስምንት። ኮሌጁ የሚፈልገው ሰማንያ አምስት ነው። አባዬ መቀሱን አስቀምጦ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሁሉ «ልጄ አለፈች» ሲል ዋለ። እኔ የማስበው የጎደሉትን አሥራ ሁለት ነጥቦች ነው። የት ጣልኳቸው?

ጥቅምት 9
ለሦስተኛ ጊዜ ተመዘገብኩ። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለም፤ የቀድሞው ውጤትም ይሰረዛል። መዝጋቢዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።
«እህቴ፣ አልፈሽ የለም እንዴ?»
«አልፌያለሁ።»
«ታዲያ ምን ቀረሽ?»
አሥራ ሁለት... አልኳት።
እራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። «የቆጡን አወርድ ስትዪ የብብትሽን እንዳትጥዪ» ብላ ሳህን ማንሳት ጀመረች።

ኅዳር 17
የሒሳብ ደብተሬ ላይ ቀለም ነጠበ። አንዲት ነጥብ። ሠላሳውን ገጽ እንደገና ገለበጥኩት። አንድ ጥያቄ ሳልሠራ ቀኑ አለቀ። ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 12
ፈተና። ሰማንያኛው ጥያቄ ላይ «ለ»ን አጠቆርኩ። ፋቅኩት። «መ»ን አጠቆርኩ። እሱንም ፋቅኩ፣ ወደ «ለ» ተመለስኩ... ክቡ ዙሪያው ቆሸሸብኝ። ላጸዳ ስል ወረቀቱ ተበሳ። ፈታኙ አጠገቤ ቆሙ።
«ልጄ፣ ተዪው። ወደፊት ሂጂ።»
መሄድ አቃተኝ። ቀዳዳዋን ሳስተካክል ደወሉ ተደወለ። ሃያ ጥያቄ ባዶውን ቀረ።

ጥር 8
ሰባ አንድ።

ጥር 9
አባዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «የበፊቱስ?» አለ። ተሰርዟል አልኩት። «እሺ» ብሎ ወደ ማሽኑ ዞረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬ እንኳ ተረቷን አልደገመችብኝም። አፈርኩ።

የካቲት 2
አባዬ ሱቅ መዋል ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ የቀሚስ ጠርዝ ሰጠኝ። ሰፋሁ፣ ፈታሁ። ሰፋሁ፣ ፈታሁ። «መርፌ ሲበዛበት ጨርቁ ያልቃል» አለኝ። ሦስተኛውም ትንሽ ጠመመ... የስፌት መፍቻውን ብፈልግ የለም። አባዬ ኪሱ ከቶታል።
ባለቀሚሷ መጣች። «ያለፈችው ልጅዎ ይቺ ናት?» አለችው። አባዬ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ቀሚሱን አቀበላት።
ለብሳው ወጣች። ጥመቱን አላየችውም። እኔ ግን መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር ጠርዙን ሳይ ቆየሁ።