የአባባ ስም እስከ ጥቅምት ሠላሳ

ለምወድህ ወንድሜ ለአዩብ በድሩ፣ ሙስካት፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ያ ወገብህስ ለቀቀህ? ሙቀቱ በረደላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ፤ ልጄ ሉብና ጅግጅጋ ከተዳረች ወዲህ የሚያመኝ ነገር ቢኖር ምሳ ብቻዬን መብላት ነው።

ድምፅህን ከሰማሁ ሰባተኛ ወሩን ያዘ። ስልክህ አይነሳም፤ የምልክልህ መልእክት ሁሉ ሳይደርስህ አንድ ጭረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደግነቱ ጎረቤታችን አደን ቅዳሜ ወደ እናንተ ይበራል፤ ደጃፍህ ድረስ ሄዶ በእጅህ እንደሚሰጥህ ቃል ስለገባልኝ ይህን ጻፍኩ። ወሬዬ ብዙ ነው፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ባለፈው ሳምንት ሉብና ደወለችና «እማ፣ ልብስ ስፌቱን ዘጋሽው እንዴ?» አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው፣ ስፌት መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማወራሽ ብላት፣ አንተ ከመሄድህ በፊት በአባባ ሱቅ ስም ያወጣህልን የኢንተርኔት ገጽ፣ ያ ድሪያ ቀሚሶቹን የምንደረድርበት፣ ጠፍቷል አለች። እውነትም ስልኬን ብከፍት ባዶ! ከሐርጌሳ ድረስ ስንት ሙሽራ ያመጣልኝ እሱ አልነበር?

ወዲያው ባጃጅ ይዤ ከዚራ ሰፈር፣ ኢፍቲን ዘንድ ሄድኩ። ድረ ገጽ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው። «ማዘር፣ ማንም አልሰረቀሽም፤ የገጹ ስም ዓመቱ አልቆ ነው» አለችኝ። በየዓመቱ ይታደሳል ለካ! የማደሻው ማሳሰቢያ የሚሄደው ስሙን ባስመዘገበው ሰው ኢሜይል ነው፤ ያ ደግሞ አንተ ነህ።

አዩቤ፣ ያን ቀን የተማርኩትን ብነግርህ ትስቃለህ። ገጹ «ዶት ኮም» ሲባል ከነጥቡ ፊት ያለው የራስ ስም፣ ከነጥቡ ኋላ ያለው የአባት ስም መስሎኝ ኖሯል፤ እኔ መሪያም በድሩ እንደምባለው። «ኮም የሚባል አባት የለንም፤ ስታድሺው መጨረሻውን በድሩ አድርጊልኝ» አልኳታ! ልጅቷ ከወንበሯ ልትወድቅ። ለካ መጨረሻውም ወገን አለው፤ ኮም የዓለም ነጋዴ ሁሉ ነው፣ ኢቲ የኢትዮጵያ፣ ዲጄ የጅቡቲ። የገዛ ስማቸውን መጨረሻ የሚያደርጉ ትልልቅ ድርጅቶችም አሉ፤ ግን የማመልከቻው ክፍያ ብቻ ሳቢያን ሰፈርን ከነቤቱ ይገዛል አለችኝ። «ሀብታም ሲሆኑ የራሳቸው አባት ይሆናሉ በይኛ» ብላት ሳቋ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ተሰማ። ወላሂ እኔም እንዲያ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ። ቤት ገብቼ ለማን ልንገረው ብዬ ዞር ስል ግን ግድግዳ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ስሙን ማደስ የሚቻለው እስከ ጥቅምት ሠላሳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይለቀቅና ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። የይለፍ ቃሉን የምታውቀው አንተ ብቻ። ኢፍቲን በኢሜይል ጻፈችልህ፤ መልስ የለም። «አቦ ማዘር፣ ምን አስጨነቀሽ? ያንኑ ስም በዶት ኢቲ ዛሬውኑ ላስይዝልሽ፤ ፈላጊ ያገኝሻል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ወንድምና እህት አብረው ሳይቀመጡ የአባት ነገር አይነካም ተብሎ የአባባ መቀስ እንኳ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ። ስሙን ብቻዬን ወደ ሌላ ባዛውር፣ ከእንግዲህ አትመጣም ብዬ የፈረድኩ መሰለኝ።

ስለዚህ ኢሜይልህን ክፈትና አድስልኝ። ክፍያውን አደን ይሰጥሃል፤ ሰበብ እንዳታመጣ። ተቀይመኸኝም ከሆነ፣ ሥራ ፈትተህ አፍረህም ከሆነ አልጠይቅህም። በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ገጹን እሞክረዋለሁ። ድሪያዎቹ ብቅ ካሉ አለህ ማለት ነው፤ አንድ ቃል ባትጽፍልኝም ይበቃኛል። ጥቅምት ሠላሳ አልፎ የሌላ ሰው ዕቃ ካየሁበት ግን፣ የማለቅሰው ለስሙ አይደለም።

አብሮህ ለሚኖረው ለዓብዲ ሰላም በልልኝ፤ ሩዙን እንዳያሳርርብህ። ሉብና ከነባሏ እጅህን ትስማለች። የአደን እናት ዱዓ ላይ ስምህን ሳትጠራ አታልፍም። ኢፍቲንም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ።

እህትህ መሪያም በድሩ
ሳቢያን፣ ድሬ ዳዋ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.