የረቡዑ አውቶቡስ

ኦሬንጅ ፋርም፣ ጆሃንስበርግ

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለምሕረቱ እናት፣ ለእኔም እናት፤

እማማ፣ የጌታ ሰላም ከነቤትዎ ይብዛልዎ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የላክሁልዎን ቅባት ይቀቡታል ወይስ እንደ ልማድዎ ለጎረቤት ሰጡት? ላሚቱስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው፣ በሩን ዘጋ አድርገው ብቻዎን ያንብቡት። የሚያሳፍር ነገር ኖሮት አይደለም። እርስዎ መሳቅ ከጀመሩ ግን ሰፈሩ ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ይመጣል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክማ ስንት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ያንን ጉዳይ ልነግርዎ በደወልኩ ቁጥር አፌ ወደ ስኳር ዋጋ ይሮጣል። ጉዳዩ ማናሴ ነው። ጀርሚስተን ሱቅ ያለው፣ ባሌ ምሕረቱ ሲያርፍ አስከሬኑን ይዞ ከእኔ ጋር ሆሳዕና ድረስ የመጣው ራሰ በራው ሰውዬ፤ ያውቁታል። እንግሊዝ አገር ልሄድ ሻንጣ ሳስር እንጋባ አለኝ። ስመለስ እነግርሃለሁ አልኩት። እሱን ጠልቼ አይደለም፤ ደግ ሰው ነው፣ መዝሙር ላይ ድምፁ ከመጥፋቱ በቀር እንከን አላገኘሁበትም። የፈራሁት እርስዎን ነው። ሌላ ሰው ካገባሁ ለእርስዎ ምንዎ ልሆን ነው? የወለደችኝን እናት በልጅነቴ አጥቻለሁ፤ እርስዎን ደግሞ ማጣት አልችልም። ይኸው ተናገርኩት።

አሁን ወደ ጉዞዬ ልመልስዎ። የሄድኩት እንደሚያውቁት እህቴ ፊቤ ስለወለደች አራስ ልጠይቅ ነው። ቪዛው ሲሳካ ጊዜ ገንፎ አገነፋለሁ፣ ሕፃን አጥባለሁ ብዬ ስንት አስቤ ነበር። ባሏ ለካ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ሁሉን ይሠራል! ገንፎውን ሳይቀር እሱ ያገነፋል፤ ያውም ያልጓጎለ ገንፎ። እኔ ወጥ ቤት ስገባ በትህትና ያስወጣኛል። በሦስተኛው ቀን ፊቤ ተሰላችታ፣ እባክሽ ውጪና አገሩን እዪ፣ አውቶቡስ በደጃችን ያልፋል አለችኝ።

የሚኖሩት ከትልቅ ከተማ ራቅ ባለ ገጠር ነው፣ ደርቢሻየር ይባላል። ኮረብታ ነው፣ የድንጋይ አጥር ነው፣ በግ ነው። ወጥቼ ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። ትልቁ አውቶቡስ ከኩርባው ብቅ ሲል እጄ ሳላዝዘው የለመደውን ሠራ። እዚህ እኛ ጋ ታክሲ የሚጠራው በጣት ነው፤ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው ሌባ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል፣ ወደ እኛ ወደ ኦሬንጅ ፋርም የሚመጣ ደግሞ ብርቱካን እንደያዘ መዳፉን ከፈት ያደርጋል። እኔም ወደ ገበያው ከተማ መሄዴ ነውና ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ሰማዩን አየ፣ ፈገግ አለ፣ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አንስቶ መለሰልኝና ሄደ። ቆሜ ቀረሁ! የሚቀጥለው የሚመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ፊቤ እንዳትስቅብኝ ብዬ ቤት አልተመለስኩም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ቅርጫት ይዘው መጡ፤ አንዲት ሰማንያ ያለፋቸው አሮጊትና አንዲት ጎልማሳ። አሮጊቷ ዶሮቲ ይባላሉ። እኔ ግን በስማቸው ብቻ መጥራት አፌ እምቢ ስላለ እማማ ዶሮቲ አልኳቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልሰማም አሉ። ጎልማሳዋ በየመሃሉ ማም ትላቸዋለች፣ ኮሌታቸውን ታስተካክላለች፣ ይነታረካሉ። እናትና ልጅ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። አውቶቡስ የሚቆመው ክንድ ወደ መንገዱ ሲዘረጋ እንደሆነም ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

አውቶቡሱ መጣ። ያው ሹፌር ነው፤ ደርሶ ተመልሶ ዳግም ሲሄድ። ሲያየኝ እየሳቀ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው ያልሽኝ መስሎኝ ነው አለኝ። ከዚያ ከመቀመጫው ወርዶ የእማማ ዶሮቲን ቅርጫት ተቀበለ፣ ክንዳቸውን ይዞ አሳፈራቸው፣ ከፊተኛው ወንበር አስቀመጣቸው፣ ጉልበታቸውን በጨርቅ ሸፈነላቸው።

እማማ፣ ያንን መንገድ ቢያዩት! ከባለ ፎቁ አውቶቡስ ላይኛው ክፍል ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ምን ያህል ዓመት ሰውን ያየሁት በብረት ፍርግርግ ነው? በስፓዛዬ፣ በሰፈር ሱቄ ውስጥ ዳቦ የማቀብለው በፍርግርግ፣ ሳውቦና ብዬ ከሰው ሰላም የምባባለው በፍርግርግ፣ ፀሐይ እንኳ የምትገባው ተቆራርጣ ነው። እዚያ ግን መስታወቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፤ የዛፉ ቅርንጫፍ እየመታው ያልፋል፣ ሸለቆው በሙሉ ወደ እኔ ይመጣል። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። በጎች መንገዱን ሲሞሉት ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ፤ ማንም አልተናደደም። አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው ሳይወጡ ቢዘገዩ በራቸው ላይ ቆሞ ጥሩንባ ነፋላቸው፣ ጫማቸውን እያሰሩ መጡ። ውሻ ከነባለቤቱ ተሳፍሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ቆሜ ልሂድ ወይስ አጠገቡ ልቀመጥ ያልኩበት ቀንም ነበር። ሲወርዱ ደግሞ ትልቁም ትንሹም ሹፌሩን ያመሰግናል። እዚህ እኛ ስንወርድ ከሮቦቱ በኋላ! (ከትራፊክ መብራቱ አለፍ ብሎ ማለታችን ነው) ብለን መጮህ እንጂ ምስጋና መች እናውቃለን።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጠኝ። በየቀኑ ሌላ መስመር ይዤ እስከ መጨረሻው ማቆሚያ እሄዳለሁ፣ ስሙን ምላሴ እምቢ ያለው መንደር ወርጄ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሬ አያለሁ፣ ዳቦዬን በዳጣ እበላለሁ፣ እመለሳለሁ። ረቡዕ ግን የገበያ ቀን ነው፤ ረቡዕ የእማማ ዶሮቲ ነው። ዳጣዬን አቀመስኳቸው። ዓይናቸው እስኪጠፋ ሳሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሌላ ጨምሪልኝ አሉ። እርስዎን አስታወሱኝ።

በመጨረሻው ረቡዕ፣ ልጅዎ እንዴት ያለ ጥሩ ሰው ነው፣ እናቱን እንዲህ የሚንከባከብ ሹፌር አላየሁም አልኳቸው። ልጄ አይደለም አሉኝ፤ የልጄ ሚስት ባል ነው። ልጃቸው ከሞተ ቆይቷል። ጎልማሳዋ የልጃቸው ሚስት ነበረች፤ ሹፌሩን ያገባችው በኋላ ነው። እኛ ለእንዲህ ያለ ዘመድ ምን እንደምንለው ሳስብ አጣሁ። ነውር መሆኑን እያወቅሁ ጠየቅኋቸው፤ የነገረችዎ ቀን ምን አሉ አልኩ። ተቆጣሁ አሉ። አንድ ክረምት ሙሉ በሬን አልከፈትኩላትም፤ እሷ ግን በየረቡዑ መጥታ ታንኳኳለች። ከዚያ አንድ ቀን ሞት ልጄን ወሰደ፣ ልጅቱን ደግሞ የማባርራት ራሴ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ ከፈትኩላት አሉኝ። ከዚያ ቅርጫታቸውን ከፍተው የገዙትን አይብ ያሳዩኝ ጀመር። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ፤ በጉም አጥሩም ተደበላለቀብኝ። ቤት ስደርስ ይህንን ለእርስዎ እጽፋለሁ አልኩ፣ መልሶ ፈራሁ፣ ሳልጽፍ ተሳፍሬ መጣሁ።

አየር ማረፊያ የተቀበለኝ ማናሴ ነው። እኔ በሌለሁበት በየማለዳው ከጀርሚስተን እየመጣ ሱቄን ከፍቷል፤ የሰፈሩ አሮጊቶች፣ ጎጎዎቹ ሁሉ ከእኔ ይልቅ እሱን ለምደዋል። መልሴን አልጠየቀኝም። ቤት ስንደርስ አንድ በጨርቅ የታሰረ ቆርቆሮ ከፊቴ አስቀመጠ። ከሆሳዕና የመጣ መንገደኛ ያመጣው ነው፣ እናትሽ የላኩት ነው አለኝ። ታዲያ ለምን አንተ ጋ መጣ አልኩት። አንገቱን ደፋ። ግማሹ የእሷ ግማሹ የአንተ ነው፣ ወጥ ውስጥ እንዳትጨምሩት፣ የራስ ቅቤ ነው ብለዋል አለኝ። ከዚያ መላጣውን እየዳበሰ፣ እኔ እንግዲህ ፀጉር የለኝም፣ ምን ላድርገው ብሎ ጠየቀኝ። የሆሳዕና ልጅ ሆኖ እናት ለሁለት ሰው የራስ ቅቤ ስትልክ ተጋቡ ብላ መመረቋ እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። ከእኔ አፍ ሊሰማ ፈልጎ ነው።

እማማ፣ ማን እንደነገረዎ አልጠይቅም፤ ፊቤ ምላሷ እንደማያርፍ አውቃለሁ። እኔ ቃል ስመርጥ፣ ፈርቼ ባሕር ተሻግሬ ስመለስ፣ እርስዎ ቅቤ ያዘጋጁልን ነበር። ቆርቆሮውን አቅፌ መሬት ተቀመጥኩና አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ፣ ማናሴም ግራ ገባው።

እሑድ ማለዳ ቅቤውን ሁለታችንም ተቀባን። ከጸሎት ስንመለስ የማናሴ መኪና ተበላሽቶ ታክሲ ያዝን። ሙቀት ነበር። ቅቤው ከእሱ መላጣ ላይ ቀልጦ በግንባሩ በኩል እስከ ሸሚዙ ወረደ፣ ከእኔም ሻሽ አልፎ ወጣ፤ ታክሲው በሙሉ ሸተተ፣ መስኮት ተከፈተ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ጎጎ፣ ሲስ፣ እህቴ፣ ምን ተቀብታችሁ ነው አለችኝ። እናታችን ቀባችን አልኳት። የእሱ እናት ናት ወይስ ያንቺ ብላ ጠየቀች። እኔ እንዴት ላስረዳት ብዬ ሳስብ ማናሴ ቀደመኝ፤ የሁለታችንም ናት አላት።

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ያበርታው፣ ደጅዎን ሰው አያሳጣው፣ ላሚቱንም በደህና ያገላግላት። ለገና ከመጣን ለእንግዳ እንደሚደረገው በድግስ አይድከሙ፤ ሁለት ሰው ብቻ ነን።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ